«እኔ ጀልባው ላይ እቆያለሁ»

   

ባለፈው እሑድ ከነርስነት ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቃት ጓደኛዬ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። ከሰላምታው ቀጥላ «ከልጆቹ ጋር በመርከብ ተንሸራሽሬ መጣሁ» አለችኝ። እነሱ «ክሩዝ» ይሉታል። ከፍሎሪዳ ተነስቶ የካሪቢያን ደሴቶችን ዞሮ ወደ ተነሳበት የሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ነው። እኔ መርከብ ስትለኝ ሰው ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው የሚያሻግር ነገር ነበር የታየኝ። «ኧረ ከተማ በይው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። በፈረንጆቹ 2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለው መርከብ ሲሞላ ከ7 ሺሕ በላይ መንገደኛ ይይዛል። ምግብ የሚያበስለው፣ አልጋ የሚያነጥፈውና መርከቡን የሚነዳው ሠራተኛ ብቻ ከ2 ሺሕ ይበልጣል።

እንዲህ ያለው መርከብ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድርና ጠዋት አንዱ ወደብ ላይ ይቆማል። መንገደኛው ቁርሱን በልቶ ይወርዳል፤ ከተማውን ያያል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። የጓደኛዬም ልጆች እንዲሁ አደረጉ። እሷ ግን ጉልበቷ ስለማያስችላት ከ4 ዓመቱ የልጅ ልጇ ጋር መርከቡ ላይ ቀረች። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አዘኑላት። «ምስኪን፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍላ ምንም ሳታይ ልትመለስ ነው» ያሏትም ነበሩ። እሷ ደግሞ ምን ትለኛለች? «እህቴ፣ ሰው ሁሉ ሲወርድ መርከቡ የእኛ ሆነ! ትናንት እግር ማስገቢያ ያልነበረው የልጆች መዋኛ ባዶውን ነው። ምሳ ላይ ሰልፍ የለም። አስተናጋጁ ከልጁ ጋር ሲጫወት ዋለ። ከሰዓት አብረን ተኛን። ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው እነሱ የወረዱባቸውን ቀናት ነው።»

ሳቄ መጣ። «ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ» አልኳት። ባሕር የሌለን አገር ብንሆንም የእኔም «ክሩዝ» አለኝ፤ ጣና ላይ ነው። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። ለአያቶችም ለወላጆችም የሚሆን ነገር አይጠፋበትም።

«ሆቴል ብትቀሪስ?»

ነገሩ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ ከ9 ዓመት በኋላ ከባሏና ከ2 ልጆቿ ጋር ልትጠይቀኝ መጣች። ወንዱ 12፣ ሴቷ 8 ዓመታቸው ነበር። ከቡራዩ ደግሞ የወንድ ልጄን የ5 ዓመት ልጅ ጨመርንና ለ3 ቀን ወደ ባሕር ዳር ወረድን። ሐሳባችን በጀልባ ሐይቁ ላይ ወጥተን ገዳማቱን ማየት ነው። የቡራዩው ልጅ ከገፈርሳ ግድብ በቀር ብዙ ውኃ አይቶ አያውቅም። ጣናን ከሆቴሉ በረንዳ ሲያይ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እማማ፣ የዚህ ገፈርሳ ማዶው የት ሄደ?» አለኝ።

ማታ እራት ላይ ልጄ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ ነገ አንቺ ሆቴል ብትቀሪስ? ዘጌ ላይ ዳገት አለው ይላሉ። ጉልበትሽ አይችለውም። አንቺ ዕረፊ፤ እኛ ፎቶ እናመጣልሻለን።»

ልጄ ክፉ አላሰበችም። የጉልበቴ ነገር የቆየ ነው፤ በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ልስልስ አጥንት አልቋል። ሜዳ ላይ እሄዳለሁ፣ ዳገትም ቀስ ብዬ እወጣለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ግን እንባዬ ይመጣል። የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከ9 ዓመት በኋላ ከመጣች ልጅ ጋር ልሁን ብዬ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዤ ፎቶ ይምጣልኝ? «እሺ» አልኩ። እናት «እሺ» ስትል ሁልጊዜ እሺ ማለቷ እንዳልሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጠዋት ልሸኛቸው ብዬ እስከ ጀልባው መነሻ አብሬያቸው ወረድኩ። ጀልባ ነጂው ጨዋ ወጣት ነው። እጁን ዘርግቶ «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ» አለኝ።

«እኔ አልሄድም ልጄ። ጉልበቴ ዳገት አይችልም።»

«ታዲያ ዳገቱን ማን ውጡ አለዎት? ጀልባው ላይ ይቀመጡ። እኔስ ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚሁ አይደል?»

ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር፤ ከቤተሰቡ ግን ማንም አላሰበውም። ልጄን አየኋት። «እኔ ጀልባው ላይ እቆያለሁ» አልኩና የወጣቱን እጅ ይዤ ገባሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ማስወጣት ሆነ። ከመቀመጫው ሥር በገመድ ታስረው ነበር፤ አስፈታኋቸው። የ12 ዓመቱ ልጅ «እኔ ዋና እችላለሁ» ብሎ እምቢ አለ። ውኃ የወሰደው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁና በዚህ ነገር አልደራደርም። ለበሰ።

ጣና ጠዋት ሲያዩት ሰላማዊ ነው። ስፋቱ 3 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተኛው። ጠዋት ጸጥ ብሎ ያረፍድና ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ አያትና ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው በጠዋት መነሳት አለበት።

ዘጌ ላይ

መጀመሪያ የቆምነው ዘጌ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ በቡና ደን ውስጥ ድንጋያማውን መንገድ ሽቅብ መሄድ ያስፈልጋል። እነሱ ወጡ። እኔና የቡራዩው ልጅ ቀረን። ሞተሩ ሲጠፋ የመጣው ጸጥታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ውኃው የጀልባውን ጎን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ከደኑ ወፎች ይጮኻሉ፤ ሩቅ ላይ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል።

ከቤት ይዤው የመጣሁት ገበጣ ነበረኝ። ገበጣ ስላችሁ ከእንጨት የተፈለፈለ እንዳይመስላችሁ። ሱቅ ውስጥ 30 እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ላይ ባለ 6 ጉድጓድ 2 ረድፍ በመቀስ ቆረጥኩ፤ በየጉድጓዱ 4 የተቆላ ሽምብራ፣ በጠቅላላው 48 ፍሬ። ቀላል ነው፣ ቢጠፋም አያሳዝንም። ልጁ ቶሎ ገባው። ሊሸነፍ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ከእኔ ጉድጓድ ያለውን ሽምብራ አንስቶ በላው። (ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሽምብራ አትስጡ፤ ያንቃል።)

ቀጥሎ እጁን ውኃው ውስጥ ሊከት ጎንበስ አለ። ጃኬቱን ከኋላ ይዤ «ቆይ አባቴ» አልኩት። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው። ትሏ በዳርቻው ሣርና ጭቃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ትወጣና በሰው ቆዳ ትገባለች። ትጠጣለች ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ እግርን ወይም እጅን ዳር ላይ መንከር ግን ይበቃታል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በደንብ ይሠራል፤ የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ አለመንከር ነው። ይህን ሁሉ በልጅ ቋንቋ ስነግረው እጁን ስቦ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ መረመረ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ፀሐዩ ከረር ሲል ራሴ መክበድ፣ አፌ መድረቅ ጀመረ። ጀልባ ነጂው «እናቴ፣ ፊትዎ ገረጣ» አለኝ። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። ለደም ግፊቴ ከምወስዳቸው መካከል ሽንት የሚያበዛው አንዱ ነው። ጀልባው መጸዳጃ የለውም። ስለዚህ ጠዋት እሱን ኪኒን ዘለልኩት፤ እሱ አልበቃ ብሎኝ ከተነሳሁ ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውኃ አልጠጣሁም። ከ30 ዓመት በላይ ሌላውን «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ፣ ውኃ ጠጪ» እያልኩ የኖርኩ ነርስ!

ለወጣቱ እውነቱን ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ዳር ላይ ዕቃ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ጠርቶ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። መጥታ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ልጁን ይዛ ከመደቧ ጀርባ ወዳለው መጸዳጃ ወሰደችኝ። 20 እርምጃ ቢሆን ነው። ስንመለስ ቡና አፍልታ ነበር። ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጣሁ፣ የዘጌን ቡና በላዩ ደረብኩበት፣ ራሴ ተመለሰልኝ። ሴትየዋ ስለ ጌሾና ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ልጆቿ አጫወተችኝ። እነዚያ ከገዳሙ ሲመለሱ ስለ ግድግዳው ሥዕል ያልነገሩኝ የለም። እኔም የምነግራቸው ነበረኝ።

ክብራን ላይ

ቀጥሎ ያለው ክብራን ገብርኤል ነው። በገዳሙ ሥርዓት ሴት ወደ ደሴቱ አትገባም። ስለዚህ አማቼ 2ቱን ወንዶች ይዞ ወረደ። እኔ፣ ልጄና የ8 ዓመቷ ልጅ ጀልባው ላይ ቀረን። ልጅቷ ነገሩ እስኪገባት ጥቂት ቆየች። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ለምን እኔ አይሆንም?» አለች።

እናቷ «የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ መነኮሳቱ እንዲህ ነው የሚኖሩት» አለቻት። ልጅቷ «ልክ አይደለም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። እኔ ላሳምናት አልሞከርኩም። ልጅ ሲከፋው መጀመሪያ የሚፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። ጎኗ ተጠጋሁና «እንግዲያው ይህችም ጀልባ ከአሁን ጀምሮ የሴቶች ብቻ ናት» አልኳት። ይህን የሰማው ጀልባ ነጂ ብድግ አለ። «ይቅርታ፣ ሥርዓቱን አላወቅኩም ነበር» ብሎ ገመዱን አጥብቆ አስሮ ወረደና ዛፍ ሥር ቁጭ አለ። ልጅቷ እየሳቀች ፊቷን አዞረች።

«ይሄን ሐይቅ ድሮ አውቀዋለሁ» ብዬ ጀመርኩላት። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የነርስነት ዲፕሎማዬ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ የመጀመሪያው ምደባዬ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ነበር። ከባሕር ዳር የተሳፈርኩት ወደ ጎርጎራ በሚሄደው መርከብ ነው። መርከቡ በየወደቡ ይቆማል። ነጋዴው ሁሉ ጌሾውንና ቡናውን እያወረደ፣ ሌላ እየጫነ ይወርዳል፣ ይወጣል። እኔ ሻንጣዬን አቅፌ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ብወርድ ጥሎኝ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ዘጌ ላይ አልወረድኩም፤ ደቅ ደሴት ላይ አልወረድኩም። 21 ዓመቴ ነው፤ ከእናቴ ተለይቼ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት እናት ከስንቋ ቆርሳ አጎረሰችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

ልጅቷ «ከዚያስ?» እያለች ታደምጣለች። ልጄ ግን ትኩር ብላ እያየችኝ ነበር። «እማዬ፣ ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም» አለች።

እውነቷን ነው። እሷ ልጅ ሳለች እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ ሌሊት ሥራ፣ ቀን እንቅልፍ። እሷ ከሄደች በኋላ ደግሞ ስልክ ነበር። በስልክ «ደኅና ነሽ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? እናንተጋ ሌሊት ነው?» እንባባላለን እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። አሁን ግን የትም መሄጃ የለንም። ወንዶቹ እስኪመለሱ ከጀልባው መውረድ አይቻል፣ ሥራ የለ፣ ድስት የለ፣ እንግዳ የለ። ልጄ መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ሆቴል ቅሪ ያልኩሽ ላንቺ ብዬ ብቻ አይደለም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ኤርፖርት ላይ ስታነክሺ ሳይሽ ደነገጥኩ። ሳላይሽ አርጅተሽብኛል። ዳገቱ ላይ ስትደክሚ ማየት ፈራሁ።»

ምን ልበላት? ጸጉሯን ስዳብስ ነጭ ጸጉር አገኘሁባት። አልነገርኳትም። ትንሿ ልጅ በዚያ ጊዜ የሚያልፉ ታንኳዎችን በአማርኛ መቁጠር ጀምራ ነበር፤ 7 ላይ ስትደርስ ጠፋባት፣ እናቷ ነገረቻት።

ወንዶቹ ሲመለሱ ትልቁ ልጅ ያየውን ለመንገር ተቻኩሏል። እህቱ ግን ቀደመችው። ጀልባው የሴቶች መሆኑን፣ ጀልባ ነጂው መባረሩን፣ እማማ ድሮ መርከብ ላይ ማልቀሷን፣ 9 ታንኳ መቁጠሯን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማና «ቀጥሎ የምንቆምበት ላይ እኔም ከእማማ ጋር እቀራለሁ» አለ። ቀጥሎ የቆምነው ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ጉማሬ ለማየት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ማንም አይወርድም። ሁላችንም ከአንድ ወገን ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከብዙ ቆይታ በኋላ 2 ጆሮ ብቻ ብቅ አለ፤ ለ5 ዓመቱ ልጅ ግን ያም በቃው።

ለምትሄዱ ቤተሰቦች

ከዚያ ቀን የተማርኩትን፣ ከሙያዬም ጋር ደባልቄ ላካፍላችሁ።

ለልጆች የምለው፦ እናታችሁን ወይም አባታችሁን «ቅሩ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ያህሉን ትችላላችሁ?» በሉ። መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ቁልቁለት እንዳለው፣ መጸዳጃ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁና ንገሯቸው። ውሳኔውን ለእነሱ ተዉላቸው። ብዙ ጊዜ ለመውጣት አቅም የሌለው ሰው አብሮ ለመጓዝ አቅም አለው።

ለአያቶች የምለው፦ ደግሞም ለእልህ ብላችሁ ዳገት አትውጡ። «እችላለሁ» ብሎ ወጥቶ ቁልቁለት ላይ የወደቀ አረጋዊ ብዙ አይቻለሁ። የዳሌ አጥንት ስብራት በእኛ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። «እኔ እዚህ እቆያለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ጀልባ ላይ የሚቀር አያት ሕፃናት ሁሉ የሚጣሉበት ሞግዚት እንዳይሆን ተስማሙ። በውኃ አካባቢ ለአንድ ትንሽ ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል፤ ልጁም እጅ ዘርግተው ከሚይዙት ርቀት መራቅ የለበትም። ሰው ውኃ ሲበላው እንደ ፊልም አይጮኽም፤ በጸጥታ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚሰጥመው። ሁለትና ሦስት የሚሯሯጡ ሕፃናትን ለአንዲት ጉልበቷ ለሚያማት ሴት ትቶ መውረድ ለማንም ደግ አይደለም። ስትወርዱም የምትመለሱበትን ሰዓት ተናገሩ፣ አክብሩትም።

የሕይወት አድን ጃኬት ለልጁ ልክ መሆኑን ለማወቅ ካስለበሳችሁት በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከአገጩ አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ማሰሪያዎቹ ሁሉ ይታሰሩ። አያትም ትልበስ፤ ልጅ የሚያየውን ነው የሚያደርገው።

መድኃኒታችሁን እንደ እኔ በራሳችሁ ውሳኔ አትዝለሉ። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ከጉዞው ቀን በፊት ያዘዘላችሁን ባለሙያ ጠይቁ፤ ለብዙ ሰው ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል። ከመሳፈራችሁ በፊት መጸዳጃ ሂዱ፣ ውኃውን በትንሽ በትንሹ ጠጡ፣ ለጀልባ ነጂውም ሳታፍሩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ሰዓት ስትቀመጡ እግር እንዳያብጥ ቁርጭምጭሚታችሁን እያዞራችሁ፣ ጣቶቻችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ቆዩ።

ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። ጀልባው መካከል ላይ አስቀምጧቸው፤ ስልክና መጽሐፍ ተቀብላችሁ ሩቅ ያለውን ዳርቻ እንዲያዩ አድርጉ። ሆዳቸው ባዶም ጢም ያለም አይሁን። ዝንጅብል ሻይ ለብዙዎች ይረዳል። የማስመለስ መከላከያ ኪኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ የፕሮስቴት ወይም የግላኮማ ሕመም ላለበት አዛውንት ደግሞ ስለማይስማሙ ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ፀሐይ ከላይም ከውኃው ላይም ተንጸባርቃ ትመጣለችና ባርኔጣና ነጠላ አይለያችሁ።

ልጆቻችሁ ወደ ትልቁ «ክሩዝ» ለሚጋብዟችሁ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው መርከቡ ለሚቆምባቸው አገሮችና ለመመለሻውም ቪዛ ሊያስፈልገው ስለሚችል ቲኬት ሳይቆረጥ ይጣራ። በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠውን የአደጋ ጊዜ ልምምድ አትዝለሉ። መርከብ ላይ ሆድ የሚያበላሽ «ኖሮቫይረስ» የሚባል ነገር ቶሎ ይዛመታል፤ እሱን የእጅ ማጽጃ አልኮል በደንብ ስለማይገድለው በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። የመርከብ ሐኪም ክፍያ ውድ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንስ ይግባላችሁ። መዋኛው ባዶ ሲሆን ደስ ቢልም ጠባቂ አለ ብላችሁ ከልጁ ዓይናችሁን አታንሱ። ወደብ የወረዱትም ሰዓት ያክብሩ፤ መርከብ ዘግይቶ ለመጣ ሰው አይቆምም።

ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ዛሬ እንደ 2011 ዓ.ም. ቀላል አይደለም፤ ሰላሙን ያውርድልን። ጀልባ ግን ጣና ላይ ብቻ አይደለም። ለእኛ ለቡራዩ ሰዎች በአምቦ በኩል ወንጪ አለ፤ ወደ ደሴቱ በጀልባ ይሻገሩበታል። ቢሾፍቱና ሐዋሳም አሉ። ቁም ነገሩ ውኃው ወይም ጀልባው መጠኑ አይደለም። ሌሎቹ ሲወርዱ ከእናንተ ጋር የሚቀር አንድ ልጅ ይኑር፤ የእንቁላል ካርቶንም አትርሱ።

ያቺ የ8 ዓመት ልጅ አሁን ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ነው፤ አማርኛዋም ተስተካክሏል። በቅርቡ ስንነጋገር «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና ያን ሁሉ ተራራ አቋርጣ ወደ ጣና መምጣቷን ነገርኳት። ፎቶዋንም ላኩላት። ትልቅነቷን አይታ ትደነቃለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ያነሳችው ጥያቄ ሌላ ነው።

«እማማ፣ መጸዳጃ አላት?»

«እንዲህ ያለችው ትልቅ መርከብ መጸዳጃ አታጣም» አልኳት።

«እንግዲያው ክኒንሽን ውጪና ጠብቂኝ። ስመጣ አብረን እንሄዳለን፤ አንወርድም።»